አባቴና የኢራኑ ሰውዬ

ስለ አንድ የኢራን ፖለቲከኛ ሕይወት ይህን ያህል የማውቀው ወድጄ አይደለም። አባቴ ናቸው ያስጠኑኝ። በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና መጋዘን ውስጥ ስሸከም ውዬ ስገባ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ የዕብራይስጥ ዜና ከሚያወራው ቴሌቪዥን ፊት ያስቀምጡኛል። «ምን አለ? ተርጉሚልኝ እንጂ!»

አባቴ ጎንደር ሳሉ ደም አድራቂ ሽማግሌ ነበሩ። ገዳይን ከሟች ወገን ጋር የሚያስታርቁ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ደጃቸው ድረስ መጥቶ የሚለምናቸው ሰው። እስራኤል መጥተን አሽዶድ ከገባን ወዲህ ግን የለመናቸው የለም። እዚህ ሽማግሌ ማለት መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚውጥ፣ ሞአዶን በሚሉት የአረጋውያን ክበብ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ወረቀት ቀለም የሚቀባ ሰው ነው። ያን ሁሉ ዘመን ችለው ኖረው፣ ልጄ ለሚሉኢም፣ ለተጠባባቂው ጦር፣ ተጠርቶ ሲሄድ የድሮ ሥራቸው ትዝ አላቸው። የልጅ ልጃቸው በሕይወት እንዲመለስ ይህ የእስራኤልና የኢራን ጠብ በእርቅ ማለቅ አለበት። እርቅ ደግሞ በእሳቸው ሕግ የሚጀምረው ባለጋራን ከሥር ከመሠረቱ በማወቅ ነው። የማን ልጅ ነው? ማን ሞቶበታል? ማንን ይፈራል?

ከዚያ አገር ሰዎች ሁሉ መርጠው መርጠው ወግ አጥባቂ የሚባለውን፣ ፊቱ የማይፈታውን ያዙ። የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነው። በወጣትነቱ አብዮቱን ተከትሎ ወጣ፤ ከጎረቤት አገር ጋር በተደረገው ረጅም ጦርነት ታናሽ ወንድሙን ቀበረ። ከዚያ አስተማሪ፣ ቀጥሎ የፓርላማ አባል፣ ቀጥሎ ሚኒስትር ሆነ። በተሾመ ማግስት ፀጉራቸውን በደንብ አልሸፈኑም ያላቸውን መምህራን ከሥራ አባረረ፤ ለምን ያሉትን ተማሪዎች አሳሰረ። ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ወደቀ። ወድቆም አልጠፋም፤ ጭራሽ የትልልቆቹ አማካሪ ሆነና በመጨረሻ ተደራዳሪ አድርገው ላኩት። ስለ እኛ የሚናገረውን ስተረጉም ምላሴን ይመረኝ ነበር።

«ከሰው ሁሉ ይኼን እርጉም ነው የመረጡት?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ለስላሳውማ ቢታረቅ ማን ይሰማዋል? የገዛ ወገኑ ከሃዲ ይለዋል። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው፣ ልጄ። ደግሞ ወንድሙን የቀበረ ሰው ነው። ሞትን ያውቀዋል።»

«እርስዎንስ ማን ሊሰማዎት ነው?»

«አይሰሙኝም ብዬ የልጅሽን ነገር ልተወው?»

ይባስ ብሎ እኔ ራሴ ሰውየው ለድርድር አውሮፕላን ሲሳፈር ባሳዩን ቀን ደህና እንቅልፍ መተኛት ጀመርኩ። የሚጠሉትን ሰው ዕድሜ ከፈጣሪ መለመን ምን የሚሉት ውርደት ነው? ግን ለመንኩ።

ከዚያ የእኛዎቹ ገደሉት። ባለበት ቤት ላይ ቦምብ ወረደበት።

ዜናው ሲመጣ አባቴ ሞአዶን ነበሩ። ሰው አጨበጨበ፤ አንዷ ከቦርሳዋ ከረሜላ አውጥታ አዞረች። አልፈርድባቸውም፤ እኔም እዚያ ብሆን ከረሜላውን እበላ ነበር። አባቴ ግን ተነሡ። ደም አድራቂ የሁለቱንም ወገን ለቅሶ ይደርሳል፤ የአንዱን ብቻ የደረሰ ለት ሽማግሌነቱ አበቃ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ቤተሰቡን እግዜር ያጥናቸው» አሉ። ጎንደር ቢሆን የሟችም የገዳይም ወገን እጃቸውን ይስም ነበር። እዚህ ስልክ ቀረጻቸው። አንዱ የእኛው ሰው ከሥሩ ትርጉሙን በዕብራይስጥ ጽፎ ለቀቀው፤ እሳቸው ሰፈራችን ሮቫ ዩድ ቤት እስኪደርሱ ቪዲዮው ቀድሟቸው ገብቷል።

ልጄ ለሰንበት ዕረፍት የመጣው ፊቱን አጥቁሮ ነው። ጓደኞቹ የአያቶላው የልጅ ልጅ ብለው ስም አውጥተውለታል።

«ሳባ» አለ አያቱን በዕብራይስጥ፣ «እኔ ባሲስ፣ ጦር ሰፈሩ ውስጥ ሚሳይል ስጠብቅ አንቱ ለሱ ያዝናሉ?»

«ለሱ አይደለም። ለአንተ ነው። አሁን ከማን ጋር ሊያስታርቁህ ነው?»

«መታረቅ ማን ፈለገ?» ብሎ ጮኸ። ድሮ በአያቱ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። መቆጣት ነበረብኝ፣ ግን ማንን ልቆጣ? ሁለቱም የሚሉት ልቤ ውስጥ ነበር። ሰሃን አጠብኩ።

እሑድ ጠዋት ቦርሳውን አንግቶ ተነሣ። በእኛ ቤት ሽማግሌ ሳይመርቀው መንገድ የሚወጣ የለም፤ ለፈተናም፣ ለሥራም፣ ለጦርም። አባቴ ሳይጠሩ መጥተው በሩ አጠገብ ቆሙ፣ መዳፋቸውን ዘረጉ። ልጄ እጃቸውን አየ፤ ጎንበስ ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

«ለዚያ ሰው ያዘኑበት አፍ እኔን አይመርቀኝ» አለና በጎናቸው አልፎ ወጣ።

ሊፍቱ ሲወርድ ይሰማል። አባቴ እጃቸውን አላጠፉም። ለተዘጋው በር፣ አንድም ቃል ሳያጎድሉ መረቁ፦ «ሂድ፣ በሰላም ተመለስ። እሾህ አይውጋህ፣ እንቅፋት አይምታህ። የተጣላህ ለት የሚያስታርቅህ ሽማግሌ አትጣ።»

አሜን የሚል ስለሌለ እኔ አልኩ።