በሁለታችን ሦስት እግር

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። እግዚአብሔር በእግሬና በልቤ ያደረገውን ልነግራችሁ ነው የቆምኩት። ከወረቀት ላይ አነባለሁ። ፊደል የለየሁት ሽበት ካወጣሁ በኋላ ነውና ብንተባተብ ታገሡኝ። በቃሌ ብናገር ቶሎ ይሞቀኛል፤ ሲሞቀኝ ደግሞ ሰው አስቀይማለሁ።

ለመመስከር ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። ሽማግሌዎቹ ሁልጊዜ «ዛሬ ወንድም ደምሴ ይመስክር» ይሉ ነበር። የደምሴን ምስክርነት ይህ ግድግዳ ራሱ በቃሉ ይዞታል። ዛሬ ግን ተራው የኔ ነው። ደምሴም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ይስማ።

ደምሴ ጎረቤቴ ነው። ሁለታችንም የባና፣ የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ፣ ሸማኔዎች ነን፤ ሥራውንም ከአንድ ሰው ነው የተማርነው። ከልጅነታችን ጀምሮ እሱ አንድ ነገር ሲያገኝ ዓይኔ ይከተለዋል። የሱ በግ መንታ ስትወልድ የኔዋ ትጨነግፋለች። የወል መሬታችን ጓሳ ለሣር አጨዳ ሲከፈት ለሱ ረጅሙ ሣር ይደርሰዋል፤ ለኔ ድንጋይ የበዛበት። እንደዚያ ይመስለኝ ነበር አልልም። እንደዚያ ነበር።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ደምሴ ደም ያስለው ጀመር። ከስቶ አጥንቱ ወጣ። ሰው ሁሉ ተስፋ ቆረጠበት። እኔም ሄጄ ጠየቅሁት፤ አዝኜለትም ነበር። ግን አልጋው አጠገብ ተቀምጬ፣ ይሄ ሰው ሲሞት ደንበኞቹ ወደ ማን ይሄዳሉ እያልኩ አስባለሁ። ከዚያ ዘመዶቹ ወደ ከተማ ወሰዱት። እዚያ አማኞች ጸለዩለት። ሲመለስ ሳሉ የለም፣ ጉንጩ ሞልቷል፣ ይዘምራል። ጌታ ይክበር። ያን ጊዜ ግን ጌታ ይክበር አላልኩም።

መንደሩ ሃይማኖቱን ለወጠ ብሎ ተቆጣው። እኔን ያንገበገበኝ እሱ አይደለም። እኔን ያንገበገበኝ መዳኑ ነው።

ከመካከላችሁ የከተማ ልጆች ስላላችሁ አንድ ነገር ላስረዳ። ባና ከሽመና ሲወርድ እንደ ወንፊት የሳሳ ነው። ሙቅ ውሃ እያፈሰሱበት፣ ወንዶች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ እየዘፈኑ፣ እግራቸውን እኩል እያነሡ ይረግጡታል። የበጉ ጸጉር እርስ በርሱ ተያይዞ ብርድ የማያስገባው ያኔ ነው። ሰው ብቻውን ቢረግጠው ይሸበሽበዋል እንጂ አያጠብቀውም። እንግዲህ ደምሴን አብረን አንረግጥም አሉት።

«አሁን እኮ ማንም እንደወደደ እንዲያመልክ ሕገ መንግሥቱ ፈቅዷል» አላቸው።

«ሕገ መንግሥቱ አምልክ አለህ እንጂ ከእኛ ጋር ርገጥ አለህ?» አለው አንዱ።

ሁሉም ሳቁ። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። የደምሴ ባና ሳይረገጥ፣ እንደሳሳ ገበያ ወጣ፤ ገዢ እየዳሰሰ ሲተወው እያየሁ ደስ አለኝ።

በዓመቱ እግሬን ድንጋይ መታኝ፤ ከጉልበት ዝቅ ብሎ። ቁስሉ አልድን አለ። ወደ ውስጥ እየበላ ሄደ፤ ይሸትም ጀመር። ባለቤቴ ዘነበች ጠበል ወሰደችኝ። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ተሽሏት ዕቃዋን ሸክፋ ስትሄድ በሷም ቀናሁ። በመጨረሻ ሆስፒታል ሄድን። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ራጁን ወደ መስኮት ከፍ አድርጎ አየ።

«ጋሼ፣ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት» አለኝ።

«ሸማኔ ነኝ እኮ።»

«ሽመና በእጅ አይደለም እንዴ?»

«ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠን ክሩን የምንከፍተው በእግር ነው።»

ራጁን አወረደ። «አዝናለሁ። ካልተቆረጠ ግን ከእግርዎ አልፎ እርስዎንም ይወስድዎታል። ለጊዜው መድኃኒት ልስጥዎ፤ ተማክረው ከፋሲካ በኋላ ይመለሱ» አለኝ።

ቤቴ ተመለስኩ። አብረውኝ የሚረግጡት ሰዎች ምቱን እንዳላበላሽባቸው፣ «ሞገስ፣ አንተ እዚያ ቁጭ ብለህ ዝፈንልን» አሉኝ። ዘፈንኩላቸው መሰላችሁ? ተነሥቼ ሄድኩ። ወደ ቤቴ የሚመጣም ጠፋ። ዘነበች ክረምቱን ሙሉ የፈተለችው፣ እግሬ እየጠዘጠዘኝ የሸመንኩት አንድ ባና ነበረኝ። ምናልባት የመጨረሻዬ ነው። እሱም የሚረግጠው አጥቶ ተጠቅልሎ ተቀመጠ።

«ደምሴን ጥራው» አለችኝ ዘነበች።

«ሞቼ እገኛለሁ።»

«ሞተህማ ማን ይረግጥልኛል?» ብላ ራሷ ሄዳ ጠራችው።

ደምሴ መጣ። ደጃፌ ላይ ተቀምጦ እግሩን መታጠብ ጀመረ።

«ማን ጠራህ?» አልኩት።

«ሞጌ፣ ከኔ ጋር የሚረግጥ የለም፤ ካንተም ጋር የሚረግጥ የለም። በሁለታችን ሦስት እግር አለን። ና ትከሻዬን ያዝ።»

ዘነበች ውሃውን አፈሰሰች። ትከሻውን ይዤ በደህናው እግሬ እየዘለልኩ መርገጥ ጀመርኩ። ዓይኔ ግን ከደምሴ ባት ላይ አልነሣ አለኝ። ሙሉ ነው፣ ጠንካራ ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። ቆምኩ።

«ለምን አንተን?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ለምን አንተን አዳነ? እኔ እበልጥሃለሁ። ሽመናዬ ከሽመናህ ይጠብቃል። አንተ ግማሽ ዕድሜህን አረቄ ቤት የከረምክ ሰው ነህ።»

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ሳቀ። «እውነትህን ነው። ለምን እኔን እንደሆነ አላውቅም። እኔን ከምትጠይቀኝ እሱን ጠይቀው፤ ልክ እንደዚሁ አድርገህ።»

ጠየቅሁት። ወገኖች፣ የመጀመሪያ ጸሎቴ ያማረ አይደለም። ባናው ላይ ቆሜ፣ «ለደምሴ ሰጥተህ እኔን ከነፈግህ ፍርድህ የት አለ?» አልኩ። አሜን እንኳ አላልኩም።

ያን ጊዜ ደምሴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ጌታ ሆይ፣ ሞገስ ያለህን ሰምተሃል። የኔ መዳን ለሱ መሰናክል ከሆነበት ሳሌን መልስልኝና እግሩን ስጠው» አለ።

ለታይታ አልነበረም። ያ ሰው ደሙን ሲተፋ አይቻለሁ፤ ምን ይመለስብኝ እንዳለ ያውቃል። እኔ እንዲህ ማለት አልችልም። ለወለድኩት ልጅ እንኳ ለማለት እፈራለሁ። እዚያው እርጥቡ ባና ላይ ቅናቴ ቦታ ለወጠ። ከዚያች ሰዓት ወዲህ በሳንባውም በባቱም አልቀናሁም፤ በጌታው ቀናሁ። ሰውን እንዲህ የሚያስጸልይ አምላክ ለሱ ብቻ ለምን? እኔም እፈልገዋለሁ አልኩ። «እሱንም ለራሱ በለው» አለኝ ደምሴ። አልኩት። ያን ቀን ተቀበልኩት። ሃሌ ሉያ።

እግሬ ያን ቀን አልዳነም። እንዳትሳሳቱ። ቁስሉ በነጋታውም ይሸት ነበር። የሰፈር ሰው «ጴንጤውን ተጠግተህ ምን አገኘህ?» ይለኛል። «ገና ነው» እላለሁ። የደምሴን ባና ረገጥን፤ የኔን ረገጥን። ጧት ጧት የእግሬን ፋሻ ስፈታ፣ ሰው ምንም ተስፋ የለውም ያለውን ነገር ለእግዚአብሔር አሳየዋለሁ፤ ሌላ የማሳየው አልነበረኝም።

ፋሲካ አለፈ። ደምሴ በቅሎ ለምኖ መኪና መንገድ ድረስ አደረሰን። ሆስፒታሉ በር ላይ፣ «ጌታ ሆይ፣ ብትተወውም ብታስቆርጠውም ያንተ ነኝ። የደምሴን ትከሻ ብቻ አትንሣኝ» አልኩ። ይህን ስል ልቤ ዕረፍት አገኘ። እንዲህ ዓይነት ዕረፍት በዕድሜዬ አላውቅም።

ዶክተሩ የቁስሉን ፋሻ ፈታ፣ ተጫነው፣ እንደገና ራጅ አስነሣኝ። ሌላ ዶክተር ጠራ። ሁለቱ በመስኮቱ ብርሃን እያዩ ተንሾካሾኩ።

«እየደረቀ ነው። አጥንቱም እያገገመ ነው። እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም» አለኝ። «ምን አደረጉ?»

«ባና ረገጥኩ» አልኩት።

«ጸልየን ነው» አለች ዘነበች ከኋላዬ።

የሰጠኝን መድኃኒት እንደታዘዝኩት ውጫለሁ፤ አልደብቅም። መድኃኒቱን በሰጠኝ ቀን ግን እሱ ራሱ ይቆረጣል ብሎኝ ነበር። እግሬ ይኸው፤ ቆሜበታለሁ። ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን።

አጥንቱ ስለተበላ እግሬ አጥሮ ቀርቷል፤ አነክሳለሁ። ባና ስንረግጥ ደምሴ ምቱን ከኔ ጋር ለማስተካከል አብሮኝ ያነክሳል። ያባረሩን ሰዎች ዛሬ ባናቸውን ይዘው ወደኛ ይመጣሉ፤ እኛ የረገጥነው ይጠብቃልና። ትከሻችንን ሲይዙ እነሱም ማነከስ ግድ ይሆንባቸዋል። ይህን ሳይ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ እስቃለሁም።

ከኋላ የተቀመጥክ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ የሌላው ጸሎት ሲመለስ ያንቺ ቀርቶ የሚያንገበግብሽ፣ ቅናትሽን በር ላይ ጥለሽ ለመግባት አትልፊ። እኔ ይዤው ነው የመጣሁት። ለጌታ ንገሩት፤ አይደነግጥም። ሐኪም ቢጨርስ፣ ሰው ቢሸሽ፣ እሱ አልጨረሰም። እመኑት።

ቅዳሜ የምንረግጠው ባና አለ። አንድ እግር ብቻ ያለውም ይምጣ።