መዳብና ብረት በአንድ ውሃ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የተሰጠኝ መሣሪያ የሽቦ ብሩሽ ነው። አየር ጤና፣ ከጋራዦቹ መሀል፣ ጋሽ ሙላት የሚባሉ ታንከር ሠሪ ነበሩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጉልበት አለኝ፤ በዕለቱ ብየዳ የሚያስይዙኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው አንድ አሮጌ ታንከር ውስጥ በሆዴ አስገብተው ዝገቱን ፈቅፍቅ አሉኝ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፈቀፈቅኩ። ስወጣ ከፀጉሬ እስከ ጫማዬ ቀይ ሆኛለሁ፤ ምራቄ እንኳ ቀይ ነው።

ጋሽ ሙላት ከወለሉ አንድ እፍኝ አንስተው ይህ ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። ቆሻሻ ነው አልኳቸው። "ቆሻሻ ከውጭ ነው የሚመጣው" አሉኝ። "ይኼ ግን ራሱ ላሜራው ነው። አየርና ውሃ የወሰዱት ብረት ነው።" ትምህርት ቤት የሄድኩት ፊደል እስክለይ ብቻ ነው። የቀረውን የተማርኩት እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ ታንከር ሆድ ውስጥ ነው።

በዚያ ቤት ማዕረግ ነበረ። መጀመሪያ ፈቅፋቂ ነህ። ቀጥሎ ቆራጭ፣ ቀጥሎ በያጅ። ከሁሉ በላይ ለኪ አለ፤ ለኪ ማለት ደንበኛውን አነጋግሮ፣ ቦታውን አይቶ፣ የላሜራውን ውፍረት የሚወስነው ሰው ነው። እኔ ለኪ ለመሆን አሥራ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። ዛሬ ግራይንደር የገዛ ሁሉ በማግስቱ ለኪ ነው።

አሠራራችን ይህ ነበር። ላሜራው አዲስ መሆን አለበት። ብየዳው ከውስጥም ከውጭም ይሄዳል። ከዚያ ውሃ ሞልተን ሁለት ቀን እናሳድረዋለን። ብየዳው ካላበው፣ ማለት ውሃ ካወጣ፣ ውሃው ይደፋል፣ ያላበው ቦታ በግራይንደር ይከፈታል፣ እንደገና ይበየዳል። ሲደርቅ ከውስጥ የዝገት መከላከያ ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀባል። ቀለም ግን የትም ይሁን የት አንድ ቦታ ይጫራል። ብረቱም እየዛገ የሚያልቀው በዚያች ጭረት በኩል ነው።

ስለዚህ ለመጠጥ ያልሆነ ውሃ የሚይዝ ዕቃ ስንሠራ ዚንክ እናስርበታለን። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ቅርፊቱ ዚንክ ነው። ይሰበሰባል፣ ይታጠባል፣ ቀልጦ በሳርዲን ቆርቆሮ ውስጥ ይፈስሳል፤ ሲበርድ አንድ ሳሙና ያህል ይሆናል። ቀለሙን ፍቀን፣ ከላሜራው ጋር እንዲነካካ አድርገን፣ በቡሎን እናጠብቀዋለን። ከዚያ ዚንኩ ይበላል፣ ብረቱ ይተርፋል። ዚንኩ ሲሳሳ አውጥተን ሌላ እንተካለን። ለመጠጥ ታንከር አናደርገውም፤ የባትሪ ነገር ለሆድ አይሆንም።

መዳብ ደግሞ ውሃ ውስጥ ከብረት ጋር አናነካካም። ይህን ጋሽ ሙላት ሁለት ጊዜ አልነገሩኝም። አንድ ጊዜ ነግረውኝ ሁለተኛውን በጥፊ ሊነግሩኝ ሲሉ ነው የገባኝ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ስለ አንድ ገንዳ ለመናገር ነው።

እኔ የቀራንዮ ሰፈር ሰው ነኝ፣ ኦርቶዶክስ ነኝ። የራሴን ወርክሾፕ ከከፈትኩ በኋላ፣ ወደ አሥራ ስምንት ማዞሪያ በኩል ጴንጤዎች አዳራሽ ሠሩ። ሰፈራችን ድብልቅ ነው፤ እድራችን አንድ ነው፣ ለቅሶ አብረን እንቀመጣለን፣ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዘን አብረን እንሰለፋለን። የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ፍቅሩ ወርክሾፔ ድረስ መጥቶ ሰው ቆሞ የሚጠመቅበት የብረት ገንዳ ይሥሩልን አለኝ። ለምን ወደ እኔ እንደመጣ ስጠይቀው፣ ጋሽ መኮንን፣ የእርስዎ ዕቃ አያፈስም ሲሉ ሰምቼ ነው አለኝ። ልክ ነው፤ አያፈስም።

አራት ሚሊ ላሜራ፣ አዲሱን፣ ከነፋብሪካው ዘይት አስገባሁ። ሲያልቅ ዚንኩን ከታች፣ ጥግ ላይ አሰርኩ። ኮሚቴው መጥቶ ተረከበ። ከመሀላቸው መምህር ሳሙኤል የሚባል ኬሚስትሪ አስተማሪ ነበረ፤ ገንዳው ስንት ሊትር እንደሚይዝ በወረቀት አሰላ፣ ሥዕሉንም አሳምሮ ሣለው። ዚንኩን አይቶ ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም።

ዘጠኝ ወር ሲሆነው ወሬ ሰማሁ። የሰማሁት ደግሞ ከእነሱ ሳይሆን እድር ላይ ነው። ገንዳው ተበስቶ የመድረኩን ጣውላ አበስብሶታል። መኮንን አሮጌ ላሜራ ቀለም ቀብቶ ሸጠልን ብለዋል። እሑድ በማይክሮፎን ስሜን ጠርተው "ወንድማችን መኮንንን ጌታ ልቡን ያራራለት" ብለው ጸልየውልኛል። ጸሎቱን አልጠላሁም። የጸለዩት ግን ለሌባ ነው፤ እኔ ደግሞ ሌባ አይደለሁም። አንዱማ እምነታችንን ስለማይወድ ሆን ብሎ ነው ብሏል አሉ። በዚያው ሳምንት ሁለት ደንበኞች ያዘዙትን ታንከር ተዉት። አንደኛው አሥራ አንድ ዓመት የማውቀው ሰው ነው።

ሳይጠሩኝ ሄድኩ። ባትሪ ይዤ ገንዳው ውስጥ ገባሁ። ሰው ሲወርድ የሚይዘው፣ እኔ ያልገጠምኩት የመዳብ ቧንቧ ውሃው በሚሸፍነው በኩል ዙሪያውን ተገጥሟል፤ እንደ ወርቅ ያበራል። ቡሎኖቹ በቀጥታ ላሜራው ላይ ገብተዋል፤ ጎማ የለ፣ ምን የለ። ቀዳዳዎቹ ያሉት በየቡሎኑ ሥር ነው። ከመዳቡ ርቆ ያለው ላሜራ እንዳስረከብኩት ነው። ወደ ጥግ ዞርኩ፤ ዚንኩ የለም። የቀረው የታሰረበት ቀዳዳ ነው፤ በሲሚንቶ ደፍነውታል።

ከገንዳው ወጥቼ አቶ ፍቅሩን መዳቡን ማን ገጠመው አልኩት። ከአንድ ምእመን የተበረከተ ስጦታ ነው፣ ለጌታ ቤት ጥሩ ነገር ይገባል አለኝ። ዚንኩስ አልኩት። የቱ ዚንክ አለኝ። ላስረዳው ስጀምር እጄን ያዘኝ።

"ጋሽ መኮንን፣ እኛ እኮ ከልባችን ይቅር ብለንዎታል።"

"ምን አድርጌ?"

"እሱን እግዚአብሔር ያውቀዋል። አንድ ወረቀት አለች፣ ለመዝገባችን ያህል ነው፤ እሷን ፈርመው ነገሩን እንዘጋዋለን።"

ወረቀቷ ላይ "አሮጌ ላሜራ መጠቀሜን አምኜ ይቅርታ ጠይቄአለሁ" ይላል። በጣቴ እየተከተልኩ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰው ሲሰድበኝ መልስ አለኝ። ባልበደልኩት ይቅር ሲለኝ ግን ምን ብዬ እንደምመልስ ያን ቀን አላወቅኩም። አንድ ሳምንት ስጠኝ ብዬ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ ሦስት የማርማላታ ጠርሙስ አጠብኩ። በሦስቱም እኩል ውሃ፣ እኩል ጨው አደረግኩ፤ ጨዉ ነገሩን ለማፋጠን ነው። በመጀመሪያው ምስማር ብቻውን ከተትኩ። በሁለተኛው መዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ምስማር። በሦስተኛው ዚንክ የተጠመጠመበት ምስማር። ምስማሮቹ ከአንድ እሽግ የወጡ ናቸው። ስድስት ቀን ሳልነካቸው መስኮት ላይ ተቀመጡ። ባለቤቴ ጠንቋይ ሆንክ እንዴ አለችኝ።

በቀጠሮው ቀን ሦስቱን ጠርሙስ በካርቶን ይዤ ቢሯቸው ገባሁ። አቶ ፍቅሩ አለ፣ መምህር ሳሙኤል አለ፣ የጽዳት ኃላፊዋ ወይዘሮ አስቴር አለች። ወረቀቷና እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ጠርሙሶቹን አጠገባቸው ደረደርኩ።

"ፊርማውን እንጨርስና ጠርሙሱን በኋላ እናየዋለን" አለ አቶ ፍቅሩ።

"ጠርሙሱን እንጨርስና ፊርማውን በኋላ እናየዋለን" አልኩት።

ብቻውን የነበረው ምስማር ዝጓል። መዳብ የተጠመጠመበት ከሁሉ ብሶበታል፤ ውሃው ራሱ የሸክላ አፈር የተበጠበጠበት መስሏል፣ መዳቡ ግን ምንም አልሆነም። ዚንክ ያለበት ምስማር ንጹሕ ነው፤ ዚንኩ ነጭ ነጭ አውጥቶ ተቦርቡሯል። መምህር ሳሙኤልን የእናንተ ገንዳ የትኛው ነው ብዬ ጠየቅኩት። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ ጣቱን መዳብ ባለበት ጠርሙስ ላይ አሳረፈ።

አስረዳቸው አልኩት፤ አስረዳ። መቼም ማስረዳት ያውቅበታል። ብረት ሲዝግ ኤሌክትሮን የሚባል ነገር ይሰጣል፤ መስጠቱ ኦክሲዴሽን ይባላል። ውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀበላል፤ መቀበሉ ሪዳክሽን ይባላል። ሰጪ ከሌለ ተቀባይ የለም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው። መዳብ ራሱ አይሰጥም፤ ብረቱ የሚሰጠው በመዳቡ ላይ አልፎ ለኦክስጅኑ ይደርሳል፣ እንዲያውም በሰፊው ይደርሳል፤ ስለዚህ ብረቱ ቶሎ ያልቃል። ዚንክ ደግሞ ከብረት ቀድሞ ይሰጣል፤ እሱ እየሰጠ ሳለ ብረቱ አይነካም። ሪዳክሽን ማለት መቀነስ ነው ሲል፣ የተቀበለው እንዴት ቀነሰ ይባላል ብዬ ጠየቅኩት። ኤሌክትሮን ኔጌቲቭ ስለሆነ ሲቀበሉት ቁጥሩ ይወርዳል አለኝ። ይሁን አልኩ።

ከዚያ ግን ንዴቴ መጣ።

"ይህን ስንት ዓመት አስተማርክ?"

"ሃያ ስድስት።"

"መዳቡ ሲገጠም የት ነበርክ?"

"ቡሎኑን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ" አለ። "ጋሽ መኮንን፣ ፈተና ላይ ቢመጣ እመልሰው ነበር። እዚህ ግን ጥያቄ ሆኖ አልታየኝም።"

ይህን ሲል ልሰድበው የነበረው ስድብ ጠፋብኝ። እስከ ዛሬ ግን ያናድደኛል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰውን ልጅ ይህን ሳታውቅ አታልፍም እያለ በፈተና ጥሏል፤ እሱ ራሱ መፍቻ ይዞ ገንዳ ውስጥ ሲገባ ያወቀውን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ትቶት መጣ።

ወይዘሮ አስቴር ይህን ጊዜ ተናገረች። "ያንን ዚንክ ያነሳሁት እኔ ነኝ" አለች። ሲቦረቦርና ነጭ ሲያወጣ አይታ ገንዳውን በሽታ የያዘው መስሏት፣ ባሏ በመፍቻ ፈትቶላት፣ ከቆሻሻ ጋር ጥላዋለች። ቀዳዳውን በሲሚንቶ የደፈነውም እሱ ነው። እሷን አልተቆጣሁም። የተበላ ነገር አየች፣ አስወገደች። ማንም አልነገራትም።

አቶ ፍቅሩ ወረቀቷን አጥፎ ኪሱ ከተተ። እንግዲህ ነገሩ ታውቋል፣ በፍቅር እንለፈው አለ። በማይክሮፎን የተነገረ በማይክሮፎን ይመለሳል አልኩት። ምእመኑ ይደናገራል አለኝ። ስሜ ሲጠራ መች ተደናገረ አልኩት።

እሑድ የሥራ ቱታዬን ለብሼ ሄድኩ፤ በር ላይ ቆምኩ። ይግቡ፣ ይቀመጡ ብለው ወንበር ሰጡኝ፤ አልተቀመጥኩም። አቶ ፍቅሩ ከማስታወቂያዎቹ መጨረሻ ላይ "ገንዳውን በተመለከተ የተፈጠረው ቴክኒካዊ ችግር ተጣርቷል፤ ወንድማችን መኮንንን ስለ ትብብሩ እናመሰግናለን" ብሎ አነበበ። ይኸው ነው። ሌባ ሲሉኝ ስሜን ከነሥራዬ ጠሩ፤ ሲመልሱልኝ ቴክኒካዊ ችግር ሆነ። ልወጣ ፊቴን አዞርኩ።

ወይዘሮ አስቴር ከሴቶቹ መሀል ተነሳች። ማይክሮፎን አልያዘችም፤ ድምፅዋ ግን ለአዳራሹ በቃ።

"ላሜራው አዲስ ነበር" አለች። "ዚንኩን የጣልኩት እኔ ነኝ። መዳቡን የገጠመው ኮሚቴው ነው። ጋሽ መኮንን አላጭበረበሩም። ስም ያጠፋነው እኛ ነን።"

ተቀመጠች። ከኋላ አንድ ሰው አሜን አለ፤ ቦታው ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም። አቶ ፍቅሩ ወደ ኮሚቴዎቹ አየ። ከዚያ ማይክሮፎኑን መልሶ አንስቶ "እንደተባለው ነው" አለ። እኔም ከዚያ ወዲያ አልቆየሁም።

ገንዳውን የጠገንኩት እኔው ነኝ። የተበላውን ቆርጬ አዲስ ላሜራ በየድኩ፣ ቀለም ቀባሁ፣ አዲስ ዚንክ አሰርኩ። በመዳቡ ቦታ የእንጨት መያዣ ገባ። መዳቡን ለአቶ ፍቅሩ በእጁ ሰጠሁት። ጎማ ጣልቃ ገብቶበት ሊመለስ አይችልም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይችላል፣ እኔ ግን አልገጥምልህም አልኩት። ከተዉኝ ሁለት ደንበኞች አንዱ ተመልሷል። የአሥራ አንድ ዓመቱ አልተመለሰም፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ስልክ የሚያወራ መስሎ ያልፋል።

የእኔም ጥፋት አንድ አለ፤ ሌላ የለኝም። ዚንኩ ለምን እንደታሰረ አልተናገርኩም። ለኪ የሚያውቀውን ሁሉ ደንበኛው ማወቅ የለበትም የሚል ነገር ከጋሽ ሙላት ቤት ይዤ የወጣሁት ነው። ከዚያ በኋላ በሠራሁት ዕቃ ሁሉ ከዚንኩ በላይ በቀይ ቀለም "አይነሳም፣ ሲያልቅ ይለወጣል" ብዬ ጽፌአለሁ። ጽሑፌ ጠማማ ነው፤ ይነበባል ግን።

ለታንከር ሠሪዎች የምለው ይህን ነው። ብረት ውሃ ውስጥ ከመዳብ ጋር ከተነካካ የሚያልቀው ብረቱ ነው። የተበላ ዚንክ ሥራ ላይ ያለ ዚንክ ነው፤ ይህን ዕቃውን ስታስረክቡ በአፋችሁ ተናገሩ። ላላጠፋችሁት ጥፋት ይቅር ብለናችኋል የሚል ወረቀት ከመጣ ደግሞ አትፈርሙ።