የአየርላንድ ሴኔት በዮቪል ምግብ ቤት

አንድ ባለሥልጣን ፊት ቆማችሁ ችግራችሁን ተናግራችሁ፣ እሱም በትህትና መልሶላችሁ፣ አመስግናችሁ ከወጣችሁ በኋላ ደጅ ስትደርሱ ምንም እንዳልተነገራችሁ ገብቷችሁ ያውቃል? እኔን ደጋግሞ ገጥሞኛል። አንድ ጊዜማ የመኖሪያ ወረቀቴን ጉዳይ «እናየዋለን» ያለኝን ሰውዬ ልጆቹን ሁሉ መርቄለት ወጥቻለሁ። ልጆች ይኑሩት አይኑሩት እንኳን አላውቅም።

ጆሃንስበርግ፣ ዮቪል ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለአገሬ ሰዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ክፍላችን የአንዲት የስልጤ ሴት ምግብ ቤት ነው። እትዬ ነው የምላቸው፤ እሳቸውም ተማሪዬ ናቸው። የምሳ ሰዓት ሲያልፍ ጠረጴዛዎቹን እንወለውላለን፣ ነጭ ሰሌዳዬን ፍሪጁ ላይ አስደግፋለሁ፣ ሦስት ቀለም ማርከሮቼን በተርታ እደረድራለሁ፣ ከዚያ እንጀምራለን።

መጀመሪያ የማስተምርበት መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሰውዬ ወደ ባቡር ጣቢያ የሚወስደውን መንገድ ይጠይቃል። በሦስተኛው ሳምንት ልብስ ሰፊው ጋሼ፣ ከተማሪዎቼ ሁሉ በዕድሜ ትልቁ፣ መነጽራቸውን አውልቀው «ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ ዛሬም አልደረሰም?» አሉኝ። መጽሐፉን ያን ቀን ዘጋሁት።

ሌላ ነገር ስፈልግ ኢንተርኔት ላይ የአየርላንድን ፓርላማ ክርክር አገኘሁ። ላስረዳ። አየርላንድ ሁለት ምክር ቤት አላት፤ የላይኛው ሴኔት ይባላል። አንድ ሴናተር የሕዝብ ጉዳይ ይዞ ሲነሳ የመንግሥት ሚኒስትር መጥቶ ይመልስለታል። እኔ ሴናተር የሚያወራው ስለ ጦርነትና ስለ ውል ይመስለኝ ነበር። ያየኋት ሴናተር ግን የተነሳችው ስለ አውቶቡስ ነው! የአንድ ገጠር ልጆች አውቶቡሱ እየሞላባቸው ዝናብ ላይ ይቀራሉ። ሌላ ቀን ደግሞ እሷው ሐኪም ስለሌለው ጤና ጣቢያ ተናገረች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ነገሩ ምንድን ነው፣ ማን ተጎዳ፣ ምን ይደረግ፤ በቃ፣ ቁጭ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ብቻዬን አጨበጨብኩላት።

ከሁሉ ደስ ያለኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሚኒስትሩ መልሶ ሲጨርስ ሴናተሯ እንደገና አጭር ጊዜ ይሰጣታል። ሚኒስትሩ «እየተጠና ነው» ይላል። እሷ ትነሳለች፤ ታመሰግነዋለች፤ ከዚያ «ወላጆቹ ግን ጥናቱ በየትኛው ወር እንደሚያልቅ ይጠይቁኛል» ትላለች።

ስልኬን ከቲማቲም ድልሁ ጠርሙስ ጋር አስደግፌ ለክፍሉ አሳየሁ። እትዬ ፊታቸው ተለወጠ።

«እንዲህ ስትናገረው አይቆጣትም?»

«አይቆጣም እትዬ፤ ሥራው ነው።»

«ለመሰደብ ነው ደመወዝ የሚከፈለው?»

«አልሰደበችውም እኮ!»

«ቀን ጠየቀችው እኮ የኔ ልጅ። ከዚህ በላይ ምን ትበለው?»

ወዲያው የራሳችንን ሴኔት አቋቋምን። እኔ በጭልፋ ጠረጴዛ እየመታሁ አፈ ጉባኤ ሆንኩ፣ ጋሼ ሚኒስትር። የመጀመሪያው ሴናተራችን ባለ ሱቅ ነበር። አፈ ጉባኤዋን ሰላም አለ፣ ሚኒስትሩን ሰላም አለ፣ የሚኒስትሩን ቤተሰብ ጠየቀ፣ ክረምቱ እንዴት እንደከረመባቸው ጠየቀ፣ የመጣበት ጉዳይ ትንሽ እንደሆነ ገልጾ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሰዓቱ አለቀ። ጋሼ ግን ለሚኒስትርነት የተፈጠሩ ሆነው ተገኙ። ምንም ነገር ብትጠይቋቸው ኮታቸውን ቆልፈው «ይህን አስፈላጊ ጉዳይ ስላነሱልን እናመሰግናለን፤ ነገሩን እናውቀዋለን፤ ለሚመለከተው ክፍል ተላልፏል» ይላሉ። ፀጉር የምትሠራው ተማሪዬ እስክትንፈራፈር ሳቀች።

ሳቃችን ግን ከአፍንጫ መያዝ ጋር ነበር። ምግብ ቤቱ በር ፊት ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ሞልቶ መንገዱ ላይ ይፈስሳል። ሰው እየዘለለ ነው የሚገባው፤ ምሳ የሚበላውማ መግባቱን እየተወ ነው። እትዬ ለከተማው አስተዳደር በስልክ ያላመለከቱበት ቀን የለም። «ይሄ ወር እንዲህ ካለፈ እዘጋለሁ» አሉኝ። ቢዘጉ የሚሄዱት ከከተማው ዳር፣ አይቮሪ ፓርክ፣ ወንድማቸው ጋ ነው፤ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለው። እዚያ ሠርተው ያውቁታል። ቀኑን ሙሉ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ቆሞ ዳቦና ሳሙና በቀዳዳ ማቀበል ነው። «እዚህ እኮ የሚበላውን ሰው ፊት አያለሁ» አሉኝ። ለሳቸው ምግብ ቤት ማለት እሱ ነው።

የሰፈሩ ካውንስለር፣ ማለትም በከተማው ምክር ቤት የሰፈሩ ተመራጭ፣ ነዋሪውን እሑድ ከሰዓት በአዳራሽ ሊሰበስብ ነው ሲባል ሴኔታችን ሌላ ሥራ ተወ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ለእትዬ ብቻ አዋልን። በቀይ የተጻፈው ነገሩ፣ በአረንጓዴው የተጎዳው፣ በሰማያዊው የሚጠየቀው።

እሑድ ሁላችንም ሄድን። ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ተባለ። እትዬ ሻርፓቸውን አስተካክለው ተነሱና በእንግሊዝኛ ጀመሩ። ቀዩን አሉ። አረንጓዴውን አሉ። ሰማያዊው ላይ ድምፃቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ግን አሉት፤ ጉድጓዱ ይጠገን። ጊዜ ተርፏቸው ተቀመጡ!

ካውንስለሩ ተነሳ። ኮቱን ቆለፈ። «ይህን አስፈላጊ ጉዳይ ስላነሱልን እናመሰግናለን፤ ነገሩን እናውቀዋለን...»

እናንተዬ! ቃል በቃል! ፀጉር ሠሪዋ ፊቷን ጉልበቷ ውስጥ ቀበረች። ባለ ሱቁ ሳል አስመስሎ ለመሳቅ ሞከረ። ጋሼ ብቻ ሥራው በደንብ እንደተሠራ ሁሉ በኩራት ራሳቸውን ነቀነቁ። ካውንስለሩ «ለሚመለከተው ክፍል ተላልፏል» ብሎ ሲጨርስ እትዬ «እናመሰግናለን» አሉ። ሰብሳቢው ቀጣዩን ሰው ጠራ። አለቀ አልኩ፤ እኔ ራሴ ሺህ ጊዜ እንዲሁ አመስግኜ ወጥቻለሁና።

እትዬ ግን ተመልሰው ቆሙ።

«ይቅርታ፣ ሁለተኛ ተራ አለኝ።»

ሰብሳቢው ወረቀቱን አገላበጠ። «እማማ፣ እንዲህ ዓይነት ደንብ የለም።»

«አየርላንድ አለ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንዲት የዙሉ አሮጊት ዞረው እትዬን አዩና በትራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «ተዋት! ትናገር!» አሉ። ካውንስለሩም እየሳቀ «እሺ፣ ይቀጥሉ» አለ።

እኔ ያስተማርኳቸው «መቼ?» ብለው እንዲጠይቁ ነበር። እሳቸው ግን እንዲህ አሉ፦ «ሐሙስ ነው የምትመጡት ወይስ ዓርብ?»

ካውንስለሩ ሳያስበው «ሐሙስ» አለ።

«ሐሙስ!» አሉ አሮጊቷ። «ሐሙስ!» አለ የኋላው ወንበር። ሁለት ሦስት ሰው ስልኩን አውጥቶ እየቀረጸ ነበር፤ ካውንስለሩ ቃሉን ወደ አፉ መመለስ የፈለገ መሰለኝ፣ ግን አልቻለም፤ እዚያው ቆሞ ለሆነ ሰው ስልክ ደወለ።

ደጅ ስንወጣ ያን አጠያየቅ ከየት እንዳመጡት ጠየቅኳቸው። ግርም አላቸው።

«ደንበኛን ምን ይበላሉ ካልሽው አስቦ አስቦ ተነስቶ ይሄዳል። ሽሮ ነው ፓስታ? ነው የሚባል። እንዴት ነው ቲቸር የሆንሽው?»

ሐሙስ በዕረፍት ሰዓት ስልኬ ጮኸ። «ጉድጓዱን ከፍተውታል» አሉኝ እትዬ በደስታ እየጮኹ፤ «ሁለቱ ሠራተኞች ደግሞ እኔ ጋ ፓስታ እየበሉ ነው!» የተሰበረውን ቱቦ የሚተካ ስላልያዙ ዓርብ ተመልሰው ጨረሱት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስደርስ በሩ ፊት ደረቅ ነበር፤ የምሳ ሰዓት አልፎም ጠረጴዛዎቹ እንደሞሉ ናቸው። እትዬ ሦስት ሳህን ክንዳቸው ላይ ደርድረው እየሮጡ «ዛሬ ቆማችሁ ተማሩ!» አሉን። አይቮሪ ፓርክ የሚባል ቃል አልተነሳም። ግድግዳ ተደግፈን ተማርን።

እናንተም እባካችሁ ሞክሩት። አስቸጋሪ አይደለም። ባለሥልጣኑ መልሶላችሁ፣ ምስጋናው አፋችሁ ላይ ሲመጣ፣ አመስግኑት፤ ግን አትቀመጡ። እንደቆማችሁ ሁለት ቀን ጥሩለት፣ አንዱን ይምረጥ። ድምፃችሁ ቢንቀጠቀጥ ግድ የለም፤ የእትዬም ተንቀጥቅጧል።