ስም አንድ፣ ስም ሁለት

ቢሊሴ ዱጋሳን አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ ጠላኋት። መጥፎ ልጅ ሆና አይደለም፤ መጥፎ ብትሆንማ በቀለለኝ ነበር። የጠላኋት ቀንቼባት ነው። ዛሬ እንዲህ አፌን ሞልቼ ልናገር እንጂ ያኔ ባለቤቴ ለተኪሮስ «በልጅቷ ቀንተሃል እንዴ?» ስትለኝ ሁለት ቀን አኩርፌያታለሁ።

እኔ ግርማይ እባላለሁ። አሥመራ ተወልጄ በአማርኛ ተማርኩ፤ ከዚያም አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ አስተማርኩ። እኛ ያጠናንባቸው መጻሕፍት እንግሊዞች አሥመራን ሲያስተዳድሩ ትተዋቸው የሄዱ ስለነበሩ፣ እንግሊዝኛዬ ከቃሉ እስከ ፊደሉ የእንግሊዝ አገር ነው። ይህንኑ ይዤ ሚኒሶታ ስመጣ የሚፈልገው ሰው ጠፋ። ሚኒያፖሊስ መሀል ከተማ በአንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ በመስታወት ዳስ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ትኬት ስቀበል ኖርኩ። አንድ ቀን አለቃዬን የ«ፎርትናይት» ዕረፍት ስጠኝ ብዬ ብጠይቀው፣ ሁለት ሳምንት ማለት መሆኑን አላወቀም። ጓደኞቹን ጠርቶ «እስቲ ድገምላቸው» አለኝ። እኔም ሞኙ ደገምኩላቸው፤ እነሱም ሳቁ።

በፈረንጆች 2003 ግን ዕድሌ ተቃና። ሴንት ፖል ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ የቋንቋ ጥናት ቢሮ የእንግሊዝ አገር ጽሑፍ የሚያጠናቅር ሰው ትፈልግ ነበር። ሥራው ኮርፐስ ይባላል፤ ሕዝብ በእውነት የሚያነበው ቋንቋ ትንሽ ትንሽ እየተዘገነ የሚከማችበት የኮምፒዩተር ጎተራ ነው። የሊቃውንት ጽሑፍ አይፈለግም። የሚፈለገው የእንግሊዝ ሰው ባቡር ላይ የሚያነበው ነው፦ የአትክልት መጽሔት፣ የሹራብ መጽሔት፣ የውሻ አርቢዎች መጽሔት፣ ነርሷ ከሐኪሙ ፍቅር የሚይዛት የኪስ ልብ ወለድ። ይህን ሁሉ ከአሜሪካኖች ጽሑፍ ጋር ሊያስተያዩት ነው።

መጽሔቱና መጽሐፉ በካርቶን ከእንግሊዝ ይመጣል። ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ወይም መጽሔት ሁለት ሺህ ቃል ያህል እንወስዳለን፤ ቁጥሩ ሞላ ተብሎ ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ አይቆረጥም። ስካነሩ አሳስቶ ያነበበውን እናርማለን። ማተሚያ ቤቱ ራሱ የተሳሳተውን ግን እንደ ታተመው እንተወዋለን። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ በላይ ራስጌ አለ፤ የጸሐፊው ስም አንድ፣ ስም ሁለት፣ ርእስ፣ ዓመት ይሞላበታል። ከሁሉ የጠበቀችው ሕግ ደግሞ የለውጥ መዝገብ ናት። ያለቀን ፋይል የነካ ሰው ምን እንደ ለወጠ፣ ለምን እንደ ለወጠ ጽፎ ይፈርማል። አለቃችን ኢንግሪድ ረጋ ያለች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት፤ በዚህች መዝገብ ግን ቀልድ አታውቅም።

የመጀመሪያው ዓመት ሠርግ ነበር። ኢንግሪድ ወረቀት ይዛ ጠረጴዛዬ ድረስ እየመጣች «ግርማይ፣ ጀምብል ሴል ምንድን ነው?» ትለኛለች። እኔም ወንበሬ ላይ ደገፍ ብዬ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አሮጌ ዕቃ አሰባስበው በርካሽ የሚሸጡበት ገበያ መሆኑን አስረዳታለሁ። ሰው የሳቀበት እንግሊዝኛዬ ጠረጴዛና ወንበር አገኘ። ጠዋት ጠዋት ከምኖርበት ከኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ተነስቼ ስሄድ እያፏጨሁ ነበር።

ከዚያ በ2004 መጋቢት ላይ ቢሊሴ መጣች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ በዘጠኝ ዓመቷ ከአምቦ መጥታ ያደገችው ቡርንስቪል ነው። ቤታቸው የሚወራው ኦሮምኛ ቢሆንም አማርኛዋም አይከፋም፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ይሁን እንጂ። በመጀመሪያው ቀን እጄን በሁለት እጇ ጨብጣ «ጋሽ ግርማይ፣ እርስዎ ሁሉንም ያውቁታል ብለውኛል፤ ሄልፕ ያደርጉኛል አይደል?» አለችኝ። ደስ አለኝ። ተማሪ አገኘሁ አልኩ።

ተማሪዬ በአንድ ወር ጥላኝ ሄደች። እኔ በሳምንት አራት ጽሑፍ ስጨርስ እሷ ዘጠኝ። ጣቶቿ ኪቦርዱን አይነኩትም ማለት ይቻላል። ይህንንስ እሺ፤ ወጣት ናት። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ኢንግሪድ እኔን ስታናግረኝ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ እንዳያመልጣት የፈራች ሰው መስላ ነው የምትሰማኝ። «ሶሪ?» ትለኛለች። ከቢሊሴ ጋር ግን ሁለቱም ባንዴ እያወሩ ይግባባሉ፤ አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ ትጨርስላታለች፣ ይስቃሉ። የሚስቁበትን አላውቀውም። ዕድሜዬን ሙሉ የደከምኩበት ቋንቋ ለዚህች ልጅ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥ በነጻ ገብቶላታል! አንጀቴ ድብን አለ።

ጥር ላይ መኪናዬ በብርዱ ሞተች። ቢሊሴ ሰምታ «መንገዴ ነው» ብላ ጠዋት ጠዋት ትወስደኝ ጀመር። ከቡርንስቪል ለሚመጣ ሰው የእኔ ቤት መንገድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የመኪናዋ ወንበር ከሥር ይሞቃል፤ በእሱም ቀናሁ። እየነዳች ትጠይቀኛለች።

«ጋሽ ግርማይ፣ ሌይባይ ምንድን ነው? ትናንት የካራቫን መጽሔት ላይ ሦስት ጊዜ አየሁት።»

«መኪና ከአውራ ጎዳናው ወጣ ብሎ የሚቆምበት ጥግ ነዋ።»

«ኦ ማይ ጋድ፣ እኔ ሰው ነው ብዬ ነበር!»

ያንኑ ቀን ምሳ ሰዓት ለኢንግሪድ ስታስረዳት ሰማሁ። «ጋሽ ግርማይ ነገረኝ» ብላለች፤ አልካድኩም። የእኔ ጆሮ የያዘው ግን ኢንግሪድ «ጎበዝ» ያለቻትን ብቻ ነው። ማታ ለለተኪሮስ «እውቀቴን እየጠባች ታድጋለች» አልኳት። ለተኪሮስ ሳህኑን እያጠበች «አንተ ደግሞ፣ ልጅቷ በር ድረስ እያመጣችህ!» ብላ ሳቀችብኝ።

በሚያዝያ ኢንግሪድ ሁለታችንን ሰብስባ፣ የእንግሊዙ ክፍል እያለቀ ስለሆነ ከሰኔ በኋላ አንድ አጠናቃሪ ብቻ እንደሚቀር ነገረችን። ማን እንደሚቀር ገና አልወሰነችም። እኔ ግን ወሰንኩላት፤ የምትቀረው ቢሊሴ ናት። በሐሳቤ ያ የመስታወት ዳስ መጥቶ ፊቴ ተገተረ። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። እዚያ ተመልሼ ከገባሁ ዳግመኛ «ጀምብል ሴል ምንድን ነው» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አላገኝም።

እንግዲህ የቀና ሰው ዓይን የፈለገውን ማግኘቱ አይቀርም። በግንቦት አንድ ሰኞ የፋይሎቹን ዝርዝር ሳይ፣ «መጨረሻ የነካው» በሚለው ዓምድ ሥር በእኔ ፋይሎች ትይዩ የቢሊሴ ስም መነሻ ፊደሎች ተደርድረዋል። አንድ ሁለት አይደለም። ቆጠርኳቸው፤ ሁለት መቶ ሰባ ሁለት! ሁሉም አርብ ከሰዓት፣ እኔ ቀደም ብዬ ለሐኪም ቀጠሮ በምወጣበት ሰዓት የተነኩ ናቸው። የለውጥ መዝገቡን ከፈትኩ፤ ስለ እነዚህ አንዲት መስመር አልተጻፈም። ደሜ ፈላ። አሥር ያህሉን ከመጽሔቶቹ ጋር ቃል በቃል አስተያየሁ፤ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አልተነካም። ራስጌውን አላየሁትም። ራስጌ ምኑ ይታያል? ስለዚህ ገባኝ ብዬ ደመደምኩ። የእኔን ሥራ እየከፈተች መልሳ የምትዘጋው በስሟ እንዲቆጠር ነው።

አንድ ጊዜ ብጠይቃት ምን ነበረበት? በማግስቱ ጠዋት ጎኗ ተቀምጬ ሃያ አምስት ደቂቃ ተጓዝን። ስለ እናቷ የስኳር በሽታ አወራችኝ። ዝርዝሩ ታትሞ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቢሮ ስንደርስ ዓይኔን በጨው አጥቤ በቀጥታ ኢንግሪድ ክፍል ገባሁ።

ኢንግሪድ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ ቢሊሴን አስጠራቻት።

«እነዚህን ከፍተሻል?»

ቢሊሴ ወረቀቱን አየች፤ ቀጥላ እኔን። በአስተያየቷ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ግራ የተጋባች ልጅ አስተያየት ነበር።

«አዎ» አለች።

«ምን ለወጥሽ?»

«ራስጌ ላይ… ትንንሽ ነገር።»

«መዝገቡ ላይ ለምን አልጻፍሽም?»

ቢሊሴ ሳታቋርጥ የምታወራ ልጅ ናት፤ ያን ቀን ግን አንዲት ቃል ብቻ ወጣት። «ረሳሁት» አለች።

«ሁለት መቶ ሰባ ሁለት ጊዜ?» አለች ኢንግሪድ፣ በዚያው በለሰለሰ ድምፅዋ።

ቢሊሴ አቀረቀረች። እኔ ውስጤ ጮቤ ረገጠ። ይህንንም አልደብቅም።

በሳምንቱ ኢንግሪድ ጠርታኝ የምቀረው እኔ መሆኔን ነገረችኝ። ቢሊሴ ፈጣን ናት፣ ነገር ግን መዝገብ የማትጽፍ ሰው እምነት አይጣልባትም አለች። ለተኪሮስ ዶሮ ሠራች። ቢሊሴ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ጠዋት ጠዋት መጥታ ወሰደችኝ፤ ቃል አልተነፈሰችኝም፣ «ደህና አደሩ ጋሽዬ» ከማለት በቀር። እኔም በመስኮት ውጭ ውጭውን እያየሁ እሄድ ነበር።

ከሄደች በኋላ በሁለተኛው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ስልኩ ጮኸ። ቢሊሴ ናት። ዉድበሪ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ስልክ የማንሳት ሥራ ማግኘቷን ነገረችኝ፣ እትዬ ለተኪሮስን ሰላም በሉልኝ አለች። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሽ ግርማይ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት ብዬ ነው። እነዚያን ራስጌዎች አልጨረስኳቸውም። አርባ ይቀራሉ። ኢንግሪድ ቼክ ሳታደርጋቸው ቶሎ ፊክስ ያድርጓቸው።»

«የምን ራስጌ?»

«ስም አንድ ማለት የቤተሰብ ስም ነው እኮ፣ ላስት ኔም። እርስዎ የጸሐፊዎቹን ሁሉ የራሳቸውን ስም አስቀድመው ነው ያስገቡት። በፊደል ተራው ማርጋሬቶቹ በሙሉ አንድ ላይ፣ ሱዛኖቹ በሙሉ አንድ ላይ ሆነው ነበር። አባዬም እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ ሰው በአባቱ ስም አይጠራም ይላል። ከኤ ጀምሬ እያገላበጥኩ አር ድረስ ደርሼ ነበር። ሺላ፣ ሱዛን፣ ቫለሪ፣ ዌንዲ… እነሱ ናቸው የቀሩት።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተማሪ ስም ዝርዝር ጽፌያለሁ። የልጁ ስም ይቀድማል፣ የአባት ይከተላል። በዚያች ቢሮ ስም አንድ ሲባል እጄ የሚያውቀውን ጻፈ፤ ማንንም ለመጠየቅ ደግሞ ኩራቴ አልፈቀደልኝም።

«መዝገቡ ላይስ ለምን አልጻፍሽም?» አልኳት። እያወቅኩ ነው የጠየቅኳት።

«መዝገቡ ያጠፋው ማን እንደሆነ ይጠይቃላ» አለች። «እርስዎን እንዴት አድርጌ?»

ስልኩን ዘጋሁት። አመሰግናለሁ እንኳ አላልኳትም። እመኑኝ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ ቀናሁባት፤ ከጣቶቿም፣ ከእንግሊዝኛዋም፣ ከሞቃቱ ወንበሯም ይልቅ በዚህ ሥራዋ ክፉኛ ቀናሁባት። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ያን እንደማላደርገው አውቅ ነበር። ለተኪሮስ ሁሉንም ሰምታለች። «ነገ ሄደህ ለሴትዮዋ ትነግራታለህ» አለችኝ። ጥያቄ አልነበረም።

ሰኞ አርባዎቹን አገላበጥኩ። እያንዳንዳቸውን መዝገቡ ላይ ጻፍኳቸው፤ «ስም ተገላብጦ ገብቷል፤ ስህተቱ የአጠናቃሪው የግርማይ ነው።» አርባ መስመር፣ አርባ ፊርማ። ኢንግሪድ ይህን ስታይ ስለ ሌሎቹ ሁለት መቶ ሰባ ሁለት መጠየቋ አይቀርም፣ ስትጠይቀኝ እነግራታለሁ ብዬ አሰብኩ። እውነቱን የማውጣቱን ሥራ ለእሷ ተውኩት ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ይዛ መጣች። ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ ቁጭ አለች። ገጹን በጣቷ መታ መታ አደረገችና ፈገግ አለች።

«አየህ ግርማይ» አለችኝ፣ «የራስህን ስህተት አርባ ጊዜ በስምህ ጽፈሃል። አንተን ያስቀረሁህ ለዚህ ነው።»

አፌን ከፈትኩ። እንግሊዝኛዬ፣ ያ የተመካሁበት፣ ስለ ቢሊሴ የምነግራት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተሰድሮ ምላሴ ላይ ነበር።

«ታንክ ዩ» አልኳት።

እሷም መዝገቡን ይዛ ወደ ክፍሏ ተመለሰች።