ከነጩ ሥር የቆየችው ዶሮ

ባለፈው ሳምንት ከአራዳ ወደ አዲስ ዓለም ስወርድ አብራኝ ባጃጅ የተሳፈረች ልጅ ለሹፌሩ፣ «ዶሮዋ ጋ አውርደኝ» አለችው። የት ናት ብሎ አልጠየቃትም። ዶሮዋ ያለችው በእኛ የጨርቅ ሱቅ ማስታወቂያ ላይ ነው። የሱቁ ስም በትልቁ ተጽፏል፣ ስልኩም ከሥሩ አለ፤ ሰው ግን የሚያውቀን በእሷ ነው። እንዴት እዚያ እንደወጣች የምናውቅ ሦስት ነበርን። አባቴ ካረፈ ወዲህ ሁለት ቀርተናል።

ያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም ነበር። ታላቅ ወንድሜ ጀማል ፒያሳ አንድ ማተሚያ ቤት የሰርግ ካርድና ባነር ይሠራል። በገበያ ቀን ደግሞ የአባታችንን ጨርቅ ይዞ ዛሪማ ይወርዳል። በሰኔ መጨረሻ አንድ ቀን እንዲሁ ሲወርድ የተሳፈረባት ማኪና ሊማሊሞ ላይ ገደል ገባች። ላፕቶፑም አብሮት ነበር። ይህን በአጭሩ የምጽፈው ረጅም አድርጌ መጻፍ ስለማልችል ነው።

አባቴ ሱቁን ዘጋ። ጀማል አዲስ ማስታወቂያ እሠራለሁ ብሎ አሮጌውን አስወርዶት ነበር። አዲሱ ቆርቆሮ አረንጓዴ ተቀብቶ፣ ምንም ሳይጻፍበት፣ ኮሪደራችን ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ጣሪያው የሚያንጠባጥበው ልክ እሱ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ።

ረመዳን ያን ዓመት ክረምት ላይ ነበር የዋለው። የሱቃችን ዓመት ማለት የዒድ ሰሞን ነው፤ ያ ካለፈ አለቀ። ጎረቤቶች መጥተው አባቴን ለመኑት፤ እሱ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚመልስ።

«ጀማል የሠራው ማስታወቂያ ይሰቀል፣ እከፍታለሁ። አለዚያ ቁልፉን ለባለቤቱ አስረክባለሁ። የሌላ ሰው ሥራ አልሰቅልም።»

ዒድ ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው የጀማልን ጃኬት ኪስ ስፈትሽ ፍላሽ አገኘሁ። በውስጡ አንድ ፒዲኤፍ ብቻ ነበር፤ ማስታወቂያውን ለመስቀል ፈቃድ የጠየቀበት ባለ ሁለት ገጽ ማመልከቻ። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከጽሑፉ መሐል፣ የመዳፍ ያህል ሆኖ ማስታወቂያው ራሱ አለ። የሱቁ ስም፣ ዙሪያውን እንደ ነጠላ ጥለት የዞረ ሐረግ።

በዝናብ ሮጬ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ትዕግስት የምትባል፣ ከጀማል ጋር የምትሠራ፣ ስቲከር የሚቆርጠውን ማሽን የያዘች ልጅ ነበረች። እኔ እንደመሰለኝ ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ፣ በጣም አሳድጌ፣ ይዤላት መጣሁ።

«ይሄ ፎቶ ነው» አለች። «ጠርዙን እየው፤ ደረጃ ሠርቷል። የኔ ማሽን ያለው ቢላዋ ነው፤ ቢላዋ የሚሄድበት መስመር ይፈልጋል እንጂ ፎቶ አይገባውም።»

«ታዲያ መስመሩ የት አለ?»

«እዚያው ፒዲኤፉ ውስጥ። ጀማል ሲሥለው መስመር ነበር፣ አሁንም መስመር ነው። ፎቶ ያደረግኸው አንተ ነህ።»

ማንም በማይፈልጋት ጥግ ያለች አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጠችኝና አንድ ፕሮግራም ጫነችልኝ። «ነጻ ነው፤ ማንም ክፈል አይልህም። እኔ ሥራ አለኝ፣ አንተ አውጣው።»

ፕሮግራሙ የትኛውን ገጽ ልክፈት አለኝ። ሁለት አልኩት። ሁሉም አንድ ላይ ተጣብቆ መጣ፤ ሐረጉን ስነካ ጽሑፉም ይከተላል። ትዕግስት ከሩቅ «አንግሩፕ አድርገው፣ ፍታው! አሁንም! አሁንም!» ትለኛለች። እየፈታሁ፣ እየፈታሁ፣ መጨረሻ ላይ አንዷ ቅጠል ብቻዋን ተነሳች። ደስ ሲለኝ መብራት ጠፋ።

መብራት ሲጠፋ መቆም አልችልም። ጎዳናውን ሽቅብ ቁልቁል እላለሁ። ጥጉን ሁሉ በቆሎ ይጠበሳል፣ ሽታው ከዝናቡ ጋር ሆድ ይበላል። አንዷ ሻጭ «ና ትኩስ አለ!» ስትለኝ «ጾመኛ ነኝ» እላታለሁ፤ ተመልሼ ሳልፍም ረስታኝ ትጠራኛለች። ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ።

መብራት ሲመጣ ሥራዬ ከማመልከቻው ጽሑፍ የማይፈለገውን ማጥፋት ነበር። «በትሕትና እጠይቃለሁ» የሚለውን አጠፋሁ። «አመልካች ጀማል ዓሊ» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ለመጨረሻ አቆየሁት።

ማስታወቂያው ላይ ያለው ስልክ የጀማል ነው፤ ፍላሹን ማግኘቴን ስነግረው አባቴ በእኔ ቀይረው ብሎኝ ነበር። ግን ቁጥሩ የተሣለ መስመር ሆኗል፣ ሌላ ልጽፍበት ብሞክር የፊደሉ ዓይነት አይመሳሰልም። ስለዚህ የእሱን ቁጥሮች አንድ አንድ እየገለበጥኩ የእኔን ሠራሁ። ሰባት ከውስጡ አልነበረም። ሰባትን ከደብዳቤው ቀን ላይ ወስጄ አሳደግኳት።

አሁን የሆነ ነገር መናገር አለብኝ። ጀማል ይህን ማስታወቂያ ሲሠራ አጠገቡ ነበርኩ። ሻይ ሊጠጣ ሲነሳ ማውሱን ይዤ ቀኝ ጥጉ ላይ ወፍ ሣልኩ። ሸጋ ወፍ መስላኝ ነበር። ተመልሶ ሲያያት ሳቀ።

«ሰዒዶ፣ ይቺ እኮ ዶሮ ናት! ሰው ዕንቁላል ሊገዛ ይመጣል!»

ወዲያው ዓይኔ እያየ ጠፋች። አኮረፍኩ። በማግስቱ ዛሪማ ሲወርድ ጨርቁን እስከ መናኸሪያ መሸከም የእኔ ሥራ ነበር። ማለዳ ሲጠራኝ የተኛሁ መሰልኩ። ሁለቴ ጠራኝ። ከዚያ በሩ ሲዘጋ ሰማሁ።

ዒድ ሁለት ቀን ሲቀረው ሥራው አለቀ። ስክሪኑ ላይ ጥርት ያለ ነበር። ትዕግስት የቀራትን አንድ ጥቅል ነጭ ስቲከር አስገባች፣ ማሽኑ እንደ ፌንጣ ይጮህ ጀመር። ሐረጉን ቆረጠ፣ ስሙን ቆረጠ። ከዚያ ምንም በሌለበት ቀኝ ጥግ ሄዶ አራት ማዕዘን ቆረጠ። አላቆመም። በውስጡ እየተጠማዘዘ ሌላ ነገር ቀጠለ።

«ሰዒዶ! ፋይልህ ውስጥ ቆሻሻ አለ! ይቺ ደግሞ ማን ናት?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ምንቃር። ጭራ። ሁለት የቀጠኑ እግሮች።

«ጀማል! ሞቶም አይተወኝ!» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ቆይታ ዝግ ብላ ነገረችኝ። «ማጥፋት የሚባል አያውቅም ነበር። ያልወደደውን ነጭ ሣጥን ይጭንበትና ጠፋ ይላል። ዓይን ይሸወዳል፤ ቢላዋው ግን ከሥር ያለውን ሁሉ ይቆርጣል። ስንት ስቲከር አስበላኝ መሰለህ! ግድ የለም፣ እላጣታለሁ።»

ትርፍ ስቲከር የምትልጥበትን መርፌ አነሳች። እጇን ያዝኩ።

«ተያት።»

«ምነው? ዶሮ እኮ ናት!»

«ወፍ ናት።»

አየችኝ፣ ሳቀች፣ ዙሪያዋን ብቻ ላጠች።

ስቲከሩን ጃኬቴ ሥር ጠቅልዬ ቤት እስክደርስ ልቤ አላረፈም። አባቴ የጀማል ሥራ ካልሆነ አልሰቅልም ያለ ሰው ነው። ቆርቆሮውን አድርቀን ሐረጉንና ስሙን ለጠፍን። ከዚያ ጣቱ ዶሮዋ ላይ ቆመ።

«ይቺ ጀማል የሠራት ናት?»

መዋሸት እችል ነበር። «እኔ ነኝ» አልኩ። ሥዕሏን፣ ኩርፊያዬን፣ ያን ማለዳ የተኛሁ መስዬ መቅረቴን፣ ሁሉንም እየተንተባተብኩ ነገርኩት። ጣሪያው ጠብ ሲል ይሰማኛል።

«ጀማል እንዳልተኛህ ያውቅ ነበር» አለ አባቴ። «ጨርቁን እኔ ነኝ የተሸከምኩለት። ‹ተወው፣ አኩርፎ ነው› አለኝ።» ከዚያ የዶሮዋን ስቲከር ጫፍ አነሳ። «በል ወዲያ በኩል ያዝልኝ፤ እንዳትጣመም።»

በማግስቱ ዝናቡ ሳያባራ ሰቀልነው፤ ሱቁም ተከፈተ።

ጀማል ያቺን ወፍ ከነጩ ሥር የተዋት ለእኔ ብሎ ነው እንዳልል፣ ትዕግስት ልማዱን ነግራኛለች። ምናልባት ረስቷታል። ስንፍናም ሊሆን ይችላል። ግን ሁለቴ የጠራኝ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ አንድን ነገር ጠፋ ሲሉኝ ቶሎ አላምንም።

ባጃጁ ሱቃችን በር ላይ ቆመ። ልጅቷ ወረደች፣ እኔም ተከተልኩ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ወደ ላይ አየ።

«ግን ጋሼ፣ ጨርቅ ቤት ላይ ዶሮ ምን ትሠራለች? ዕንቁላልም ትሸጣላችሁ እንዴ?»

«ወፍ ናት» አልኩት።

እንደገና ቀና ብሎ በደንብ አያት።

«አይ ጋሼ፣ ዶሮ ናት» አለና ሄደ።