ባለቤት የሌለው ብናኝ

አሌክሳንድሪያ የተከራየነው አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ፊት ለፊቱ ሀይዌይ፣ ጓሮው ሰፊ የመኪና ማቆሚያ። እናቴ የቆየ አስም አለባት፤ ግን እኔ ጋ መጥታ መኖር ስትጀምር ለዓመታት ተኝቶላት ነበር። በኋላ የሕንፃው አስተዳደር ጓሮውን ለአንድ የዕቃ ማመላለሻ ድርጅት አከራየው። ቫኖቹ በየጠዋቱ ሞተራቸውን ሳያጠፉ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ክረምቱ ሲገባ እናቴ ሳል ጀመራት።

«ጭስ አላይ፣ ሽታም አይሸተኝ» አለችኝ አንድ ቀን። «ታዲያ ደረቴ ላይ የሚቀመጠው ምንድን ነው?»

የምሠራው የአየር ናሙና የሚመረመርበት ላብራቶሪ ስለሆነ መልሱን አውቀዋለሁ። ማወቄ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

«እማዬ፣ ከመኪናው ሲወጣ ገና ጋዝ ነው፤ ዓይን አያየውም። አየር ላይ ሲቆይ አሲድ ይሆናል። ከዚያ አሞኒያ የሚባል ሌላ ጋዝ ያገኘዋል፤ አሞኒያውም ከእርሻ ብቻ ሳይሆን ከመኪኖቹ ከራሳቸው ይወጣል። ሁለቱ ሲገናኙ ብናኝ ይሆናሉ፤ ብርድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በጣም ደቃቅ ስለሆነ አፍንጫ አያስቀረውም፤ ሳንባ ውስጥ ይዘልቃል።»

«እዚያው አየር ላይ ነው የሚፈጠረው?»

«አዎ፣ እዚያው።»

ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ትንፋሽ አጥሯት፣ ከንፈሯ ጠቁሮ አገኘኋት። ኢመርጀንሲ ወሰድኳት። ኦክስጅን ተደርጎላት ስትረጋጋ መጀመሪያ ያለችኝ «ሥራ አስፈታሁሽ» ነበር። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ፤ ከሐዘን ይልቅ ንዴት ነበር።

ከተሻላት በኋላ ተከራዮች ተሰባስበን አስተዳደሩን ስብሰባ ጠራን። ማኔጀሯ ባለሙያ ቀጥራ ይዛ መጣች። ሰውየው ፈገግ እያለ ቫኖቹ አዲስ እንደሆኑ፣ ከጭስ ማውጫቸው የሚወጣው ጥቀርሻም ከተፈቀደው በታች እንደሆነ አስረዳን።

እጄን አወጣሁ። «ጋዙስ? አየር ላይ ወደ ብናኝ የሚለወጠውን ለካችሁት?»

«እሱ የአካባቢው አየር ነው» አለኝ። «ከሀይዌዩም፣ ከሌላ ከተማም ይመጣል። የዚህ ግቢ ነው ማለት አይቻልም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የማንም አይደለም።»

በኬሚስትሪው አልተሳሳተም። ብናኙ ለመፈጠር ሰዓታት ይፈጅበታል፤ እስከዚያ ነፋስ ያንቀሳቅሰዋል፣ የሁሉም መኪና ጋዝ ይደባለቃል። ያቃጠለኝ ያንን እውነት እንደ መሸሸጊያ መያዙ ነው። ሁሉም እየጨመረበት ማንም አይጠየቅበትም። እናቴ ግን የምትተነፍሰው በአንድ ሳንባ ነው፤ ይሄ ከሀይዌዩ፣ ይሄ ከጓሮው ብላ አትለየውም።

«ቢያንስ ሲቆሙ ሞተር ያጥፉ» አልኩ። ማኔጀሯ እናስብበታለን አለች። ሳምንታት አለፉ፤ የተደረገው ነገር ቢኖር የእሷ ቢሮ ውስጥ ትልቅ የአየር ማጣሪያ መቀመጡ ነው። ያ ሁሉ ማብራሪያ ለእኛ ነበር ማለት ነው፤ ለራሷ ሲሆን ገብቷታል።

የኪራይ ውላችን ሲያልቅ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ከትልቁ መንገድ ራቅ ያለ ቤት አግኝተን ገባን። እናቴ ሙሉ በሙሉ ባትድንም ሳሉ ቀንሶላታል። ዕቃችንን ያወጣን ዕለት አዲሶቹ ተከራዮች የሕፃን አልጋ ሲያስገቡ ደረጃው ላይ ተገናኘን። እናትየውን ጠጋ ብዬ ስለ አየሩ ነገርኳት። በትህትና አዳመጠችኝና «ውሉን ፈርመናል እኮ» አለችኝ።