ለእትዬ ጀርባ የተቆረጠው ቀሚስ

በደርግ ጊዜ ከቀራንዮ ወደ ኮሌጅ ስመላለስ፣ ሰፈራችን ውስጥ የምማረውን ነገር እንደ ትምህርት የሚቆጥረው ሰው አልነበረም። “ልብስ ስፌት ለመማር ደግሞ ኮሌጅ ይገባል እንዴ?” ይሉኝ ነበር፤ እናቴም ጭምር። እኔ ራሴ ጨርቃ ጨርቅና የልብስ ንድፍ የተመደብኩት ወድጄ አልነበረም። የፈለግሁት ሕክምና ነበር።

ሐሳቤን ያስለወጡኝ አንዲት መምህር ናቸው። ምሥራቅ ጀርመን ተምረው የተመለሱ፣ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሴት ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ቁራጭ አቡጀዲ ይዘው ገቡና ለእኔ ሰጡኝ።

“በቁመቱ ሳቢው።”

ሳብኩት፤ ንቅንቅ አላለም።

“በወርዱስ?”

ያው ነው።

“አሁን ጥግና ጥጉን ያዢና በሰያፍ ሳቢው።”

ጨርቁ እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። ማመን አቅቶኝ ደግሜ ሳብኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ ስተኛበት የኖርኩት አቡጀዲ ነው እኮ! “ክሩ አልረዘመም፤ ክሮቹ እርስ በርሳቸው ቦታ ተለቃቀቁ እንጂ” አሉኝ። “ጨርቅ ሰውነትን የሚያቅፈው በዚህ በኩል ነው።” ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ የሰዉን ልብስ ሁሉ ሳይ ፌርማታዬ አለፈኝ።

የመመረቂያ ሥራችን አንድ ሰው መርጦ፣ በልኩ ልብስ ነድፎና ሰፍቶ፣ አልብሶ ለመምህራን ማቅረብ ነበር። ጓደኞቼ ቁመናቸው ያማረ ልጆች መረጡ። እኔ ጎረቤታችንን እትዬን መረጥኩ።

እትዬ ከደቡብ ምዕራብ በልጅነታቸው የመጡ፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ገበያ በትንሽ ሱቅ ቅመም የሚሸጡ ሴት ናቸው። ትንሽ ልጅ ሳሉ በያዛቸው ሕመም ጀርባቸው ወደ አንድ ጎን ጎብጧል። የቱንም ያህል ፀሐይ ቢበረታ ጋቢያቸውን አይጥሉም። ቀሚሳቸው ከፊት መሬት ይጠርጋል፤ ከኋላ ባታቸው ላይ ይቀራል።

“እትዬ፣ ለፈተናዬ ቀሚስ ልስፋልዎት?”

“ለእኔ? ምነው ልጄ፣ መውደቅ አማረሽ?”

እናቴ ገብታበት በስንት ልመና እሺ አሉ። ግን ጋቢያቸውን አላወልቅም ስላሉ በላዩ ላይ ለካሁ። የሰፋሁት ቀሚስ ታዲያ ሲለበስ ትከሻው ላይ ተወጠረ፣ ብብቱ ሥር ተጨማደደ፣ ኋላው እንደ ድሮው ወደ ላይ ተሰቀለ። እትዬ አውልቀው፣ አጣጥፈው መለሱልኝ። ከስድብ ይከፋ ነበር።

ቀሚሱን ለመምህሬ አሳየኋቸው። ገለባበጡትና “ሴትዮዋን ሳላይ ምን ልበልሽ? ውሰጂኝ” አሉኝ።

ክረምት ነበር። አቡጀዲ በብብታቸው ይዘው፣ የቀራንዮን ጭቃ እየዘለሉ ቤታችን ድረስ መጡ። ምሥራቅ ጀርመን የተማሩት መምህሬ ያችን ጠባብ ቤታችንን ጎንበስ ብለው ሲገቡ እናቴ የምታስቀምጥበት ጠፋት። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። በሩን ዘጉና፣ ከእናቴ ጋር ይጠብቁን የነበሩት እትዬ ፊት ቆሙ።

“እህቴ፣ ጋቢዎን ልቀበልዎት?”

እትዬ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ራሳቸው አውርደው ሰጧቸው።

መምህሬ መዳፋቸውን የእትዬ ጎባጣ ጀርባ ላይ አሳረፉ። ቀስ ብለው ወደ ላይ፣ ቀስ ብለው ወደ ጎን ዳሰሱት። ፊታቸው ላይ ሐዘኔታ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። የነበረው ሥራ ብቻ ነው። “አንቺ የቆረጥሽው ቀጥ ላለ ጀርባ ነው” አሉኝ። “እዚህ ቤት ደግሞ እንዲህ ያለ ጀርባ የለም።”

አቡጀዲውን በሰያፍ አዙረው እትዬ ትከሻ ላይ ጣሉት። ስፒሎቹን በከንፈራቸው ይዘው እዚህ ይወጋሉ፣ እዚያ በመቀስ ይከፍታሉ፣ በጣታቸው ይገፋሉ። ለእኔ እምቢ ያለኝ ጨርቅ በእጃቸው ተገራ። ጉብታውን ዞሮ አለፈና ውሃ ከድንጋይ ላይ እንደሚወርድ ተንሸራቶ ወረደ። ከማጅራት እስከ ተረከዝ ያለው መስመር ቀጥ አለ። ጀርባው ያው ጀርባ ነው፤ ሴትዮዋ ግን ሌላ ሰው ሆነው ቆሙ። እናቴ “በስመ አብ!” አለች።

መምህሬ ወዲያው ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቅለው ጨርቁን አወረዱት።

“አየሽ አይደል? በይ አሁን አንቺ ሥሪው።”

ሠራሁት። እያበላሸሁ፣ እየፈታሁ፣ እንደገና እየቆረጥኩ። እትዬም ከገበያ ሲመለሱ ያለ ጋቢ ይቆሙልኝ ጀመር። እናቴ ለዓመት በዓል ያስቀመጠችውን ሰማያዊ ቴትሮን ጨርቅ ሰጠችኝ።

በፈተናው ቀን እትዬ አዳራሹ መሐል ብቻቸውን ቆሙ። ከፈታኞቹ አንዱ፣ ካኪ የለበሱ ጎልማሳ፣ “ሥራው ጥሩ ነው” አሉኝ። “ግን ይሄ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ልብስ ነው። ለሰፊው ሕዝብ ምን ይጠቅማል?”

በዚያ ዘመን ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ የተሳሳተ መልስ መስጠት ያስፈራል። ወደ መምህሬ አየሁ። እሳቸው እትዬን ያያሉ።

“እኔስ ጌታዬ፣ ከሕዝቡ አልቆጠርም?” አሉ እትዬ።

ሰውዬው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። “ይቆጠራሉ እንጂ እናቴ” አሉ።

አለፍኩ። የትምህርት ክፍሉ በረዳት አስተማሪነት አስቀረኝ፤ ከዓመታት በኋላ እኔም ውጭ ተምሬ ተመለስኩና ዕድሜዬን ሙሉ እዚያው አስተማርኩ። ብዙ የሚያማምሩ ልብሶች፣ ብዙ የተራቀቁ እጆች አይቻለሁ። መምህሬ ቤታችን እንደመጡበት ከሰዓት በኋላ ግን አፌን ከፍቼ የቀረሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

እትዬ ቀሚሱን ለብሰው መድኃኔዓለም የሳሙ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ነጠላቸውን አጥፈው ክንዳቸው ላይ አደረጉና በዋናው መንገድ ከፊታችን ሄዱ። ሰው ዞር እያለ ያያቸዋል። እሳቸው ግራ ቀኝ አላዩም። እኔና እናቴ መቅደም እየቻልን ከኋላ ከኋላ ተከተልናቸው።

በማግስቱ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። እትዬ ናቸው፤ ቀሚሱን አጣጥፈው ይዘውታል።

“ምነው እትዬ፣ ተቀደደ?”

“ኧረ ምን ተቀዶ! ኪስ የለውም እኮ፤ የሱቄን ቁልፍ የት ላድርገው?”